ግብር የማይገበርበት ሸለቆ

በሁለት ገደሎች መካከል አንድ ሸለቆ ነበረ። ስሙ የገነነው በምንጩም በሣሩም አልነበረም፤ ግብር የማይገበርበት በመሆኑ ነበር። የጎረቤት ጫካ እንስሳት ይህን ሲሰሙ ምራቃቸውን ይውጡ ነበር። የሸለቆው ነዋሪዎችም ጠረፍ ላይ ሲታዩ አንገታቸውን ቀና አድርገው ይራመዱ ነበር።

ቀድሞ እንዲህ አልነበረም። በየዓመቱ ክረምት ሲገባ እያንዳንዱ መንጋ እግራቸው ከከዳቸው መካከል አንዱን ለአንበሳው ይሰጥ ነበር። አንበሳው በዚህ ነብሮቹን ይቀልባል፤ ነብሮቹም ሸለቆውን ይጠብቃሉ። ነገሩ መራራ ነበር። ሆኖም በዚያው ዕለት የሚፈጸም አንድ ልማድ ነበረ፤ የሰጠው መንጋ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፣ አንበሳውም ከተቀመጠበት ድንጋይ ተነሥቶ፣ ቆሞ ይመልሳል።

ከሰባት ዓመት በፊት ግብር መቅረቱ በአዋጅ ተነገረ። ሦስት ቀን ተጨፈረ። ከግብሩ ጋር ጥያቄውም አብሮ መቅረቱን ያስተዋለ አልነበረም፤ ያስተዋለ ቢኖርም በጭፈራው መካከል አልተናገረም።

ነብሮቹ ግን መብላታቸውን አልተዉም። ስለዚህ የአንበሳው አማካሪ ቀበሮ መላ ዘየደ። በገደሉ ሥር ብዙ ዋሻዎች ነበሩ። የሌላ ጫካ ጅቦች ለገዛ ንጉሣቸው ማካፈል ያልወደዱትን ሥጋ በስውር እያመጡ በዋሻዎቹ ማስቀመጥ ጀመሩ፤ ለኪራይም ካመጡት ሁሉ አንድ አንድ ወርች ይተዋሉ። ከየት አመጣችሁ ብሎ የሚጠይቃቸው የለም። ነብሮቹ ወርቹን በሉ፤ ሸለቆው ተጠበቀ። ለቀረው ነገር ዋጋ ወጣለት። ከምንጩ የሚጠጣ ሁሉ በየቀኑ አንድ እስር እሾህ በአፉ ነክሶ ያመጣል፤ በቀትር ከዋርካው ጥላ ሥር የሚያርፍም እንዲሁ። ቅር ያለው ሲገኝ ቀበሮው በትሕትና፣ “ይህ ግብር አይደለም፤ ዋጋ ነው። ያልጠማው አይከፍልም” ይለው ነበር።

በሰባተኛው ዓመት ዝናቡ ዘገየ። የጎረቤት አንበሶችም የጅቦቹን ዱካ ተከትለው መንገዱን ዘጉባቸው። ወርቹ ቀረ፤ የነብሮቹ የጎድን አጥንት ከሩቅ ይታይ ጀመር። ቀበሮውም ጅቦቹን መልሶ ለመሳብ ዋሻዎቹ በድርብ አጥር መታጠር እንዳለባቸው አስረድቶ፣ የውሃውን ዋጋ ለእያንዳንዱ ጠጪ አራት እስር አደረሰው። ያላሟላ በዕዳ ይያዝበታል፤ ዕዳው ሃያ አራት እስር ሲደርስ ከምንጩ ይከለከላል። ሸለቆውን ለቆ መሄድም አይታሰብም፤ መውጫው አንድ ነው፣ በዚያም ዕዳ ያለበትን ነብሮቹ አያሳልፉም።

ማንጠግቦሽ የምትባል ድኩላ ዓይኗ የጠፋ፣ እግሯም የከዳት እናት ነበረቻት። እስከዚያ ድረስ ሁለት እስር፣ አንዱን ለራሷ አንዱን ለእናቷ፣ እያመጣች ኖራለች። አሁን ስምንት ሆነባት። ከንፈሯ ቆስሎ ዝንብ ሰፈረበት፤ ቢሆንም በቀን ከአራት አላለፈችም። በስድስተኛው ቀን እናቷ ከምንጩ ተከለከለች። በማግሥቱ ማንጠግቦሽ እናቷን በጎኗ አስደግፋ አንበሳው ወደሚቀመጥበት የእንስሳቱ ጉባኤ መጣች፤ የውሃው ዋጋ እንደከበዳትም ተናገረች።

“እመት ማንጠግቦሽ፣ ታዲያ ምን ይሁን ነው የምትዪው? እንደ ማዶዎቹ እንገብር?” አለ ከርከሮ። ከርከሮ ጭቃ ውስጥ ተኝቶም ቢሆን ስለ ክብር መናገር የሚወድ ነበር። “እኔ በበኩሌ ከገባር ጋር በአንድ ምንጭ አልጠጣም።”

“አቶ ከርከሮ፣ አንተማ ከምንጩ ከተከለከልክ ስንተኛ ቀንህ ነው?” አለችው።

ጥቂቶች ሳቁ። ከርከሮ በደረቀ ምላሱ ከንፈሩን ላሰ።

ማንጠግቦሽ ወደ አንበሳው ዞረች። “ጌታዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። በአፋችን የምናመጣው እሾህ የማንን ደጅ ነው የሚያጥረው? የምንጩ ዙሪያ እንደሆነ ባዶ ነው።”

ሁሉም ሳያስበው ወደ ዋሻዎቹ ተመለከተ። አንበሳው ጥፍሮቹን አየ። የመለሰው ቀበሮው ነበር።

“እመት ማንጠግቦሽ፣ ጥያቄ የግብር ቀን ልማድ ነው። የሚጠይቅ የሰጠ ነው። አንቺ ለጌታችን ምን ሰጥተሻል?”

“በቀን አራት እስር።”

“እሱ ለጠጣሽው ውሃ ነው። ሰጠሽ፣ ወሰድሽ፣ አለቀ።”

አሮጊቷ ድኩላ፣ “ልጄ፣ አንበሳው ወዳለበት አዙሪኝ” አለች። ማንጠግቦሽ አዞረቻት።

“ጌታዬ፣ አባትዎን ሁለት ጊዜ ጠይቄያቸዋለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ቆመው መልሰውልኛል። አንዱን ጊዜ ዋሽተውኛል፤ ቢሆንም ቆመው ነው የዋሹት። እነሆ፣ እኔ እግሬ የከዳኝ ነኝ፤ በዱሮው ልማድ ተራዬ ደርሷል። በግብር ይቀበሉኝና ለልጄ ጥያቄ መልስ ይስጧት።”

“እማዬ፣ ተይ” አለች ማንጠግቦሽ።

“ዝም በይ ልጄ። በጥም መሞቴ ካልቀረ አንድ መልስ እንኳ ላትርፍልሽ።”

ነብሮቹ ከተኙበት ተነሡ። አንበሳውም በፊት እግሮቹ ተደግፎ ሊነሣ ጀመረ። ምን ሊል እንደነበረ እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ ቀበሮው በጆሮው አንድ ነገር ተናገረ፣ አንበሳውም ተመልሶ ተቀመጠ።

“ግብር በአዋጅ ቀርቷል” አለ ቀበሮው ወደ ጉባኤው ዞሮ። “ጌታችን ቃላቸውን አያጥፉም። ከማንም ግብር አይቀበሉም።”

ማንጠግቦሽ በረጅሙ ተነፈሰች።

“ይሁን እንጂ እመት አሮጊት ያልከፈሉት የውሃ ዋጋ አለባቸው፤ ሃያ አራት እስር። ነብሮቹ የሚረከቧቸው በዚያ ሒሳብ ነው።”

“መልሱስ?” አለች ማንጠግቦሽ።

“ይህ ግብር አይደለም፣ እመት ማንጠግቦሽ” አለ ቀበሮው፣ በዚያው ትሕትናው።

አሮጊቷ በሁለት ነብሮች መካከል፣ መሬቱን በሰኮናዋ እየዳሰሰች ሄደች። ጉባኤው ተበተነ። ወደ ምንጩ የሚወስደው መንገድ በእሾሁ ዱር በኩል ስለሚያልፍ ሁሉም በመንገዱ የየራሱን እስር አነሣ። ማንጠግቦሽም አነሣች። ከኋላዋ ይከተል የነበረው ከርከሮ ጥቂት እንደሄደ ቆመ፤ የያዘውንም መሬት ላይ አስቀመጠ።

“ያም ሆነ ይህ እኛ አንገብርም” አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

የሚስማማ አንድ እንኳ እንዳለ ለማየት ግራና ቀኙን ተመለከተ። የሁሉም አፍ እሾህ ይዞ ነበር።