የደብሪቱ ጥያቄ

በወይን ውሃ ሩፋኤል ቤተ ክርስቲያን ዳዊት ሲደገም፣ ጻድቅ ሲጣል ልጆቹም እህል ሲለምኑ አላየሁም የሚለው ቃል ላይ ሲደረስ፣ አንባቢው ድምፁን ይገታና ወደ ሕዝቡ ዞሮ «የተራበ አለ?» ብሎ ይጠይቃል። አገሬው ይህን «የደብሪቱ ጥያቄ» ይለዋል።

አባቶች እንደሚናገሩት፣ ከብቱ በበሽታ አልቆ የተረፈውን ቡቃያ አንበጣ በጨረሰበት ክፉ ዘመን፣ የደብሩ ቄስ መምሬ ላእከ የሚባሉ ደግ ሰው ነበሩ። ደብሪቱ ደግሞ ባሏ ሞቶባት ሁለት ልጆች የምታሳድግ፣ ከማሳዋም ለቅዳሴ የሚሆን ስንዴ ሳታጓድል የምታመጣ ሴት ነበረች ይባላል። ጎረቤቶቿ እህል ፍለጋ ወደ ቆላ ሲሰደዱ እሷ ቄሱ ዘንድ መጣች።

«አባቴ፣ ልሂድ ወይስ ልቅር?»

መምሬ ላእከ ያን ቃል ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲደግሙት ኖረዋልና ከልባቸው ያምኑበት ነበር።

«ቅሪ ልጄ፤ እሱ አይጥልሽም» አሏት። ቀረች።

ሰነባብታ የትንሹን ልጇን ሬሳ በነጠላ ጠቅልላ ለፍትሐት አመጣችው። አላለቀሰችም።

«እግዚአብሔር ዋሸ አልልም አባቴ። ግን በማን እጅ ሊልክልኝ ነበር?»

 በቄሱ ቤት ለገዛ ልጆቻቸው ያስቀመጧት ጥቂት ገብስ ነበረች፤ ደብሪቱን ቅሪ ሲሏት ያቺ ገብስ ትዝም አላለቻቸው። ልጁን ከቀበሩ በኋላ፣ ልስጥ ልተው እያሉ ከራሳቸው ጋር ሲሟገቱ አደሩና ሲነጋ ገብሱን ለሁለት ከፍለው፣ ግማሹን ተሸክመው ወደ ቤቷ ወረዱ። ደብሪቱ ከምድጃው አጠገብ እንደተቀመጠች ሞታ አገኟት። ሴት ልጇ ግን ነፍሷ አልወጣችም ነበርና አዝለዋት ተመለሱ፤ ከልጆቻቸውም ጋር አሳደጓት።

በተከታዩ እሑድ ዳዊት ሲደግሙ እዚያ ቃል ላይ አንደበታቸው ተያዘ ይባላል።  በኋላ እንባቸውን እያበሱ «ከመካከላችን የተራበ አለ?» ብለው ጠየቁ፤ የተራበው ቤት ተጠርቶ፣ ካለው ላይ ተዋጥቶ እስኪሰጥ ድረስም ቃሉን አላነበቡትም።

ሥርዓቱ ከእሳቸው በኋላም እንዲሁ ቀጠለ። በቅርቡ ድርቅ ግን ጥያቄው በቀረበ ቁጥር የሁሉም እጅ ይነሣ ነበር፤ የሚያዋጣም ጠፋ። አንባቢውም ክረምቱን ሙሉ አንገቱን ደፍቶ፣ ያን ቃል ሳያነብ ወደሚቀጥለው ያልፍ ነበር ይላሉ።