በለቅሶ ቤት የጠወለገው አበባ

አንድ ደርሰህ የሚባል አናጢ ነበር። ልጅ አልወለደም። ሚስቱ ዘርፌ ነበረችው፤ በመስኮቱ ሥር ደግሞ በአሮጌ ጣሳ ተክሎ ያሳደገው ሰፋፊ ቅጠል ያለው አበባ ነበረው። አበባ ይባል እንጂ አንድም ቀን አብቦ አያውቅም።

ደርሰህ ይህን አበባ ሲያጠጣ ልማድ ነበረው። መጀመሪያ ጠቋሚ ጣቱን አፈሩ ውስጥ ይሰዳል። አፈሩ ከደረቀ ያጠጣዋል። ርጥብ ከሆነ ጣቱን በሱሪው ጠርጎ ወደ ሥራው ይሄዳል። ዘርፌ በዚህ ትስቅበታለች።

«ደሞ ትኩሳቱን ለካኸው?»

«ታዲያ ሳልጠይቀው እንዴት አጠጣዋለሁ?» ይላታል።

ከዕለታት አንድ ቀን ደርሰህ ታመመና ብዙም ሳይቆይ ሞተ።

ባልና ሚስቱ በሰፈሩ የተወደዱ ስለነበሩ ቤቱ በለቀስተኛ ተሞላ። ዕቃው ወጥቶ ፍራሽ ተነጠፈ፣ አግዳሚ ወንበር ገባ። አበባው መንገድ ዘጋ ተባለና ከመስኮቱ ሥር ተነስቶ ከበሩ ጀርባ ጨለማው ጥግ ተቀመጠ። ከጣሳው ቀዳዳ የሚወርደው ውሃ ፍራሹን እንዳያርሰው አንድ አስተዋይ ሰው ጎድጓዳ ሳህን ከሥሩ አኖረለት። ይህ ሁሉ የተደረገው በቅን ልብ ነው። እዚህ ታሪክ ውስጥ ክፉ ሰው አትፈልጉ፣ አታገኙም።

የሟቹ ታላቅ እህት እትዬ ውድነሽ ደግሞ ዘርፌን ከተቀመጠችበት ንቅንቅ አላደርግ አሏት። ውሃ ልትቀዳ ብትነሳ «ተቀመጪ፣ እኔ እያለሁ!» ይሏታል። ቤት ልጥረግ ብትል መጥረጊያው ከእጇ ይነጠቃል። ጠገብኩ ስትል «በሞቴ!» እየተባለ ትጎርሳለች፤ ሰው ለቅሶ ቤት ተቀምጦ በሞቴ ማለቱ ሁሌም ይገርመኛል። ዝም ካለች ዙሪያዋን ከበው ያጫውቷታል። ካለቀሰች «በቃ ተይ፣ ዓይንሽን ልታጠፊ ነው» ይሏታል። ሸለብ ሲያደርጋት ቀስቅሰው «ደክሞሻል፣ ትንሽ ተኚ እንጂ» ያሏት ጊዜም አለ።

የለቅሶው ድንኳን ከተነሳ በኋላም ሰው አልተለያትም። ዘርፌ ግን እየከሳች ሄደች። ንግግሯ ቀነሰ፣ አንገቷን ደፍታ ትውላለች። የባሏ አበባም እንደዚያው ሆነ። ቅጠሎቹ ወደ መሬት ተንጠለጠሉ፣ ከዚያም ቢጫ እያሉ መጡ።

«አያችሁ?» አሉ እትዬ ውድነሽ እንባቸውን እየጠረጉ። «ወንድሜን ሊከተለው ነው።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ወደ ዘርፌ በአገጫቸው አመለከቱ። «እሷም ያው ናት። ብቻዋን ብንተዋት አትተርፍም። ቤቱን ቆልፈን እኔ ጋ እወስዳታለሁ።»

ዘመድ ተመካከረና እሑድ እንድትሄድ ተቆረጠ። ዘርፌን ምን ትያለሽ ያላት አልነበረም። እሷ ግን ሰምታለች። የዚያን ቤት በር፣ መስኮትና ቁም ሳጥን የሠራው ደርሰህ ነው፤ ከዚያ ቤት መውጣት ማለት ሁለተኛ ጊዜ እሱን መቅበር መሰላት። ግን ለመከራከር አቅም አጣች። ደግሞስ ይህን ያህል ደግነት ተደርጎለት እምቢ የሚል ሰው ምን ይባላል?

ቅዳሜ ጠዋት ሰዎቹ ግቢ ውስጥ ቁርስ ሲያሰናዱ ዘርፌ ተነስታ ወደ አበባው ሄደች። ልትሰናበተው ነው። የተንጠለጠለውን ቅጠል ዳበሰችው። ከዚያ ባሏ ያደርገው እንደነበረው፣ ሳታስበው፣ ጣቷን ወደ አፈሩ ሰደደች።

ጣቷ ጭቃ ውስጥ ሰመጠ። ስታወጣው የረግረግ ሽታ ሸተታት። ጎንበስ ብላ ብታይ ከሥሩ ያለው ሳህን ጢም ብሎ ሞልቷል፣ ጣሳውም በውሃ ውስጥ ቆሟል።

«ኑማ እስቲ!» ብላ ጮኸች። ሁሉም ተደናግጠው እየሮጡ ገቡ።

«ይህን አበባ የሚያጠጣው ማነው?»

«ከኔ ሌላ ማን አለና?» አሉ እትዬ ውድነሽ ኮራ ብለው። «ጠዋት ጠዋት አጠጣዋለሁ፣ አንድም ቀን አልረሳሁት።»

«ውይ እትዬ፣ ከሰዓት የማጠጣው እኮ እኔ ነኝ» አለች ጎረቤቷ ሸዋረጋ።

የዕድሩ ዳኛ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ እንኳን ጠጥቼ የተረፈኝን ብቻ ነው። መድፋቱ ነውር መስሎኝ…»

«እኛስ እጅ የታጠብንበትን?» አለ ከበሩ አጠገብ የቆመ አንድ ዘመድ፣ አንገቱን እያከከ።

ዘርፌ አንድ በአንድ አየቻቸው። ከዚያ ሳቅ አመለጣት። ትከሻዋ እስኪርገፈገፍ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ስትስቅ ማንም አላያትም ነበር።

«ኧረ ልጄን! ውሃ አምጡላት!» አሉ እትዬ ውድነሽ ደንግጠው።

«ውሃስ ይብቃን እትዬ!» አለች ዘርፌ። «ይህ ፍጥረት ተጠምቶ አይደለም የጠወለገው። መተንፈሻ አጥቶ ነው።»

ዘርፌ ቢላና ደረቅ አፈር አስመጣች። «አንቺ ተቀመጪ፣ እኛ እንሠራዋለን» ሲሏት «እባካችሁ፣ ይህን እንኳን ተዉልኝ» አለችና እጅጌዋን ሰበሰበች። አበባውን ከነአፈሩ ከጣሳው አወጣችው። የጠቆረውንና የላመውን ሥር ቆርጣ ጣለች። መሐል ላይ ግን ነጭና ጠንካራ ሥር አገኘች።

«አልሞተም!» አለች። «እትዬ፣ አልሞተም እኮ!»

በደረቅ አፈር መልሳ ተከለችውና ሳህኑን አንስታ አበባውን ወደ መስኮቱ መለሰችው።

እሑድ እትዬ ውድነሽ የዘርፌን ልብስ የሚይዙበት ሻንጣ ይዘው መጡ። ከመስኮቱ አጠገብ ቆመው አበባውን ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ ሻንጣውን መሬት አስቀምጠው ከጎኗ ተቀመጡ።

«ዘርፍዬ» አሉ፤ «እስካሁን አልጠየቅኩሽም። ምን ይሻልሻል?»

ለካ ዘርፌ ስትጠብቅ የነበረው ይህን ጥያቄ ነው።

«ቤቴ ልሁን እትዬ። ጠዋት ቤቴን እኔ ልጥረግ። ለቅሶ ሲመጣብኝም ላልቅስ። እርስዎ ግን እንዳይቀሩብኝ። እሑድ እሑድ ይምጡልኝ፣ ምሳውን እኔ እሠራለሁ።»

እትዬ ውድነሽ በረጅሙ ተነፈሱ። «እሰይ! እኔም እኮ ወገቤ አልቋል» አሉ። ሁለቱም ሳቁ። ባዶው ሻንጣ እንደመጣ ተመለሰ።

ቢጫ የሆኑት ቅጠሎች ረገፉ። የቀሩት ቀስ በቀስ ቀና አሉ፤ ክረምቱ ሲገባም በመሐላቸው የተጠቀለለ አዲስ ቅጠል ብቅ አለ። እትዬ ውድነሽ ዛሬም እሑድ እሑድ ይመጣሉ። ሲገቡ በቀጥታ ወደ መስኮቱ ሄደው ጣታቸውን አፈሩ ውስጥ ይሰዳሉ። ከዚያ ጣታቸውን እየጠረጉ ወደ ዘርፌ ዞረው «አንቺስ?» ይላሉ።

ለቅሶ አትድረሱ፣ ያዘነ ሰው አትጠይቁ ማለቴ እንዳይመስላችሁ። ውሃ ያጣ አበባም ይሞታል። ግን የምንወደው ሰው አንገቱን ሲደፋ እጃችን ላይ ያለውን ሁሉ ለማፍሰስ እንቸኩላለን። ምክራችንን፣ ምግባችንን፣ ጨዋታችንን እናፈሳለን፤ ባሰበት ስንል እንጨምርበታለን። የጎደለው ምን እንደሆነ የሚያውቀው ግን እሱ ነው።

እናንተስ፣ ዛሬ ልታጽናኑት ያሰባችሁት ሰው ካለ፣ ምን እንደሚሻለው ጠይቃችሁታል?