ከአራስ ቤት የጠፋው ውሃ

በእኛ ግቢ ውጭውን አሳምሮ ውስጡን የሚያራቁት ሰው ሲገኝ የምትወረወር አንዲት አባባል አለች። አዲስ ገቢዎች ከጥንት አባቶች የወረስናት ይመስላቸዋል። የምን ጥንት፣ ግቢው ራሱ ገና ቀለሙ መች ደረቀና! ስትባል እዚያው ቆሜ ነበርና ከእኔ ስሙ።

ቤቱን የሸጠልን ድርጅት፣ ግቢውን የሚያስተዳድር፣ የቀሩትንም ቤቶች የሚያሻሽጥ ሌላ ድርጅት አመጣብን። ወር በገባ ቁጥር የአገልግሎት ክፍያ ይሰበስባል። ቀን ያሳለፈ ሰው ስሙ እንደ ሌባ በር ላይ ይለጠፋል። ለመሰብሰብማ ማን ብሏቸው! ሊፍቱ ቆሞ ሸረሪት ሲያደራበት፣ የደረጃው አምፖል ሲቃጠል ግን ወይ ፍንክች። በገንዘባችን ምን ሠሩበት ብትሉ፣ መግቢያው ላይ ፏፏቴ ተከሉበት። አላፊ አግዳሚው ፎቶ ይነሳበታል፤ የእኛ ቧንቧ ንፋስ ያፏጫል።

ግቢው ያለው አንድ ጉድጓድና አንድ ፓምፕ ነው። ፏፏቴው ከተከፈተ ውሃው ወደ ፎቅ አይወጣም። ጀሪካን ይዘን ከፏፏቴው ልንቀዳ ብንወርድ ጥበቃዎቹ ከለከሉን፤ መድኃኒት አለበት፣ ለሰው አይሆንም ተባልን። እኛም አምነን፣ ከውጭ እየገዛን በደረጃ እንሸከም ጀመር።

ጤነኛ ሰው እንደምንም ይችለዋል፤ አራስ ግን እንዴት ትቻለው? ከእኔ ፊት ለፊት ያለችው ርብቃ ወለደች። ባሏ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነው፣ መንገድ ላይ ነበር። እናት የላትም፤ የማርሳት እኔ ነኝ። የሕፃኑ ጨርቅ ሳይታጠብ ተከመረ፣ እሷም ገላዋ ውሃ ሳይነካው ሰነበተች። በዚህ ዕድሜዬ ቢሮ ድረስ ሄጄ የአስተዳዳሪውን ድርጅት ሥራ አስኪያጅ አቶ ናሆምን ለመንኩት። ለአራሷ ስትሉ ፏፏቴውን አንድ ጠዋት ብቻ ዝጉት አልኩ።

ከወንበሩም አልተነሳ። «እትዬ አስካለ፣ ፏፏቴው የግቢያችን ገጽታ ነው። የፎቁ ውሃ ደግሞ ቴክኒካል ጉዳይ ነው፣ በአንድ ጊዜ አይስተካከልም፤ ትንሽ ይታገሡ» አለኝ። ደሜ ፈላ። በቀደም የተወለደ ልጅ ምን ብሎ ነው የሚታገሠው?

በማግስቱ ሐጂ ሸምሱ የሚባሉ ሽማግሌ ነፍሰ ጡር ልጃቸውን የሚያስገቡበት ቤት ሊገዙ መጡ። አቶ ናሆም ፏፏቴውን አስጎበኛቸው፣ ለማሳያ የተዘጋጀውን ቤትም ከፍቶ አሳያቸው። እሳቸው ግን ሰው የሚኖርበትን ካላየሁ አልገዛም አሉ። አቶ ናሆም እየተከተላቸው፣ እያረፉ ደረጃውን ወጡ። የርብቃ በር ክፍት ነበርና ሰላም ብለው ቢያስፈቅዱ፣ ይግቡ አልናቸው። እንኳን አላህ በሰላም ገላገለሽ አሏትና አረፍ አሉ። ወዲያው የቀትር ሰላታቸው ደረሰ፤ ለውዱእ የሚታጠቡበት ጥቂት ውሃ ጠየቁኝ።

ቤት ውስጥ የነበረው ውሃ አንድ ማንቆርቆሪያ ብቻ ነው፤ ሕፃኑን ላጥብበት ለብ ያደረግኩት። ተጨነቅሁ። እንግዳ ውሃ ጠይቆ የለም አይባል፤ ብሰጣቸው ደግሞ ልጁ ሳይታጠብ ሊያድር ነው። ርብቃ ከአልጋዋ ሆና «ስጫቸው እትዬ» አለችኝ። አቀረብኩላቸው። ሐጂ እጃቸውን እንደ ዘረጉ ዓይናቸው የተከመረው ጨርቅ ላይ አረፈ። ምነው አልታጠበም ብለው ጠየቁ። እኔም አፌን አልያዝኩም፣ ሁሉንም ዘከዘክሁት። ማንቆርቆሪያውን በሁለት እጃቸው ይዘው መለሱልኝ።

«ይሄ የልጁ ነው» አሉ።

አቶ ናሆም ላብ አጠመቀው። ግድ የለም ሐጂ፣ ወርደው ከፏፏቴው ይታጠቡ፣ ንጹሕ ነው ብሎ እርፍ! ከዚህ በኋላ አልቻልኩም።

«ለእኛ ሲሆን መድኃኒት አለበት፣ ለገዢ ሲሆን ንጹሕ ነው? ምን ዓይነት ሰው ነህ አንተ?» አልኩት። አንተ ማለቴ እንኳ የታወቀኝ ኋላ ነው።

ስልኩን አውጥቶ ጥበቃዎቹን ፏፏቴውን ዝጉት አላቸው። በመስኮት እያየነው ውሃው ቁጭ አለ። ብዙም ሳይቆይ የርብቃ ቧንቧ ሳል ሳል አለው፣ ተንፈቀፈቀና ይወርድ ጀመር። ርብቃ አለቀሰች። እኔን ግን እንባ ሳይሆን ንዴት ነው የያዘኝ። ያ ሁሉ ሸክም፣ ያ ሁሉ ልመና፣ ለካ በአንድ ስልክ የሚያልቅ ነበር።

ሐጂ ከቧንቧው ውዱእ አደረጉ፣ ሰገዱ፣ ሕፃኑን መርቀው ተነሡ። አቶ ናሆም ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ፈገግ ብሎ፣ ይኸው ውሃውም መጥቷል፣ ውሉን መቼ እንፈራረም አላቸው። እሳቸው ጫማቸውን አጠለቁና በመስኮቱ ቁልቁል ፏፏቴውን አዩት።

«ልጄን እዚህ አላሳርስም» አሉት ድምፃቸውን ሳያነሱ፤ «እኔ ከበሩ ስወጣ መልሰህ ትከፍተዋለህ። የእናንተ ነገር እንዲህ ነው፦ ደጅ ሲጠጣ ጓዳ ተጠማ።»