ከአያ ልጃለም እጅ የወጡ ዕቃዎች

እቤታችን አንድ የእንጨት ጭልፋ አለ። ግራኙም ቀኙም እንዲጨልፍበት ተብሎ አፉ በሁለት በኩል ተሠርቷል፤ ስለዚህ በሁለት በኩል ያፈሳል። የቀጨሞ መንደሩ እንጨት ጠራቢ የአያ ልጃለም ሥራ ነው ይባላል። በልጅነቴ በሱ ወጥ ሳወጣ ያልተቃጠለ ጣት አልነበረኝም፤ ዛሬም እንግዳ ሲመጣ ከመደርደሪያ የማወርደው እኔው ነኝ። ስለ ሰውየው የማወራችሁን የሰማሁት ከአጎቴ ነው፤ አጎቴም ከአባታቸው። የተጨመረበት ካለ ጥፋቱ የቤተሰባችን ነው።

አያ ልጃለም ከእንጨትና ከቀንድ የቤት ዕቃ ይሠራ ነበር። የተለመደውን ዕቃ እንደተለመደው መሥራት ግን አይሆንለትም፤ አንድ ነገር ካልጨመረ እጁን ይበላዋል። የሚኖረው በፊታውራሪ እንግዳሸት መሬት ላይ ስለሆነ፣ ያማረም ሆነ የተበላሸ ሥራው መጀመሪያ የሚደርሰው ለእሳቸው ነው።

አንድ ጊዜ ፊታውራሪው ለግብር የሚሆኑ የቀንድ ዋንጫዎች አዘዙት። ሌሎች ጠራቢዎች የቀንዱን ሹል ቆርጠው መቀመጫ ያበጁለታል፤ እሱ ግን «እንግዳ ዋንጫውን እያስቀመጠ ወሬ ያበዛል» ብሎ ሹሉን እንዳለ ተወው። በግብሩ ቀን እንግዳው ሁሉ ዋንጫውን የሚያሳርፍበት ቢያጣ እየጨለጠ ያስሞላ ጀመር። ቆንቋናነታቸው አገር ያወቀው ፊታውራሪ ጋኑ ከቀትር በፊት ሲነጥፍ ባዩ ጊዜ ጠራቢውን አስጠሩት። ዋንጫውን ገበታው ላይ ቢያቆሙት ተጋደመ፤ እንደገና ቢያቆሙት ተጋደመ።

«ይኸ ዕቃህ መቀመጥ የማያውቀው ለምንድን ነው?»

«ጌታዬ፣ እኔም እርስዎ ቤት መጥቼ ተቀመጥ ተብዬ አላውቅም፤ ከማን ይማር?»

ይህንን ለመካስ ብሎ ደግሞ የሚሽከረከር ገበታ ሠራላቸው። አንድ እግር ብቻ አለው፤ እግሩ ውስጥ ሞራ የተቀባ እንዝርት የሚመስል እንጨት ገብቶ ገበታውን ያዞረዋል። መቼም በገበታ ላይ ሰው ከየፊቱ ነው የሚበላ፤ ዘወር ብሎ የሌላውን ፊት መንካት ነውር ነው። ፊታውራሪውም የዶሮውን ፈረሰኛና እንቁላሉን በፊታቸው አስደርድረው፣ ለሌላው መረቁን ትተውለት፣ ለጸሎት ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቄሱ ጸሎቱን አስረዘሙት። የፊታውራሪው ክንድ ገበታውን ነካ አድርጎት ኖሮ፣ ዓይናቸውን ሲገልጡ ሥጋው ሁሉ በር ዳር ከተቀመጡት ሁለት ጭሰኞች ፊት ደርሷል። ጭሰኞቹ ከፊታቸው ነው የሚበሉ፤ ማን ይናገራቸዋል?

«ልጃለም! ምን ጉድ ነው የሠራህብኝ?»

«አይቆጡ ጌታዬ፣ እንደ ሌላው ሥራዬ ሁሉ ይኸም አሁን ይሰበራል፤ እስከዚያ ይተዉአቸው ይብሉ።»

የዚያን ቀን ፊታውራሪው በሰው ፊት ማሉ፦ «አንድ ጊዜ ደግመህ ብታሳፍረኝ ከነሚስትህ ከምድሬ ትነቀላለህ!» አያ ልጃለም እየሳቀ ወጣ እንጂ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደውም። የሚሄድበት ሌላ አገር አልነበረውም።

ሚስቱ የሻረግ ይህን ስለምታውቅ «እባክህ፣ አሁንስ እንደ ሰው ሥራ» ብላ ለመነችው። እሺ ብሎ ለሷ በርጩማ ሠራላት። የቤታቸው ወለል ወደ በሩ ያዘቀዝቃልና አንዱን እግር አስረዘመው፤ እቤት ውስጥ ሲቀመጡበት ልክ ነው። የሻረግ ደስ ብሏት ለቅሶ ቤት ይዛው ሄደች፤ ሜዳው ላይ ቁጭ ከማለቷ በጀርባዋ ተዘረጋች። አልቃሹ ሁሉ ሳቀ፤ ሟቹን የረሱም ነበሩ ይባላል። ስትመለስ በርጩማውን ፊቱ ወረወረችው።

«በርጩማው ደህና ነው፤ ጠማማው መሬቱ ነው» አለ አያ ልጃለም።

«አገር ምድሩ ጠማማ ሆኖ ቀና የሆነው ያንተ ቤት ብቻ ነው?»

አጎቴ ይህችን ሲያወሩ አክስቴን በጎን ይመለከታሉ።

ብዙም ሳይቆይ ፊታውራሪው ለሌላ ጠራቢ መክፈል ቢከብዳቸው መልሰው አስጠሩት። ያን ጊዜ መኳንንት ሲጠጡ የሰው ዓይን አፋቸው ላይ እንዳያርፍ አሳላፊ ነጠላ ዘርግቶ ይከልላቸዋል። የነጠላው ጫፍ ጠጁ ውስጥ እየገባ ቢያስቸግራቸው «ያለ ነጠላ የሚከልለኝ ዋንጫ አምጣ» አሉት። አያ ልጃለም ጠጁን ሲያዘነብሉት በራሱ ተከፍቶ አፋቸውን የሚከልል፣ ሲያቀኑት በራሱ የሚዘጋ የቀንድ ክዳን ያለው ዋንጫ ሠራ። በሚካኤል ግብር ፊታውራሪው አንስተው ተጎነጩበት፤ እንግዳው አደነቀ። ቀና ሲያደርጉት ክዳኑ ከነጢማቸው ግጥም ብሎ ተዘጋ። ዋንጫው ከንፈራቸው ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። አሳላፊው ደንግጦ ቢስበው የቀኝ ጢማቸው ግማሹ አብሮ መጣ።

ነጠላ የመዘርጋት ሥራው የቀረበት አሳላፊ ጊዜ አላጠፋም። በማግስቱ ጠራቢውን በጌታው ስም ዳኛው ግራዝማች ዘለቀ ፊት አቆመው።

«ዋንጫውስ ደህና ዋንጫ ነበር፤ ይኸ ሰው በር ላይ ቆሞ ዓይኑን ሳይነቅል ሲያይ ነው የተበላሸው። ቡዳ ነው!»

ዳኛው አያ ልጃለምን አዩት። «ዓይንህ ከተመሰከረበት ፀሐይ ሳትጠልቅ ከነሚስትህ አገሩን ትለቃለህ። ምን ትላለህ?»

«ጌታዬ፣ ዓይኔን ከሥራዬ ላይ ነቅዬ አላውቅም፤ እውነት ነው። ሠላሳ ዓመት ዕቃዬ ሲያፈስ፣ ሲገለበጥ፣ ሲናከስ ጥፋተኛው እጄ ይመስለኝ ነበር። ይኸ አሳላፊ ዛሬ እጄን ነጻ አወጣልኝ። ፊታውራሪ ‹እጁስ ወደር የለውም› ብለው አንዲት ቃል ይመስክሩልኝና በደስታ እሄዳለሁ።»

ፊታውራሪው አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ተቀምጠው ነበር፤ ብድግ ሲሉ ነጠላው ወደቀ።

«እኔ ነኝ ያንተን እጅ የማመሰግን? ዓይንህ ምን አደረገኝ? እጅህ ነው እንጂ የማይረባው! ጢሜን የነጨው እጅህ ነው!»

ሸንጎው በሳቅ ተንጫጫ። ዳኛው ሳቃቸውን እንደምንም ዋጥ አድርገው «ከሳሹ ራሳቸው መሰከሩ፤ ‹ዓይኑ ንጹሕ፣ እጁ የማይረባ› ተብሎ ይጻፍለት። እጁ ስላልረባ ደግሞ ማንም ከምድሩ አይነቀልም። ሂድ፣ ቤትህ ግባ» አሉ።

አያ ልጃለም እጅ ነሣ።

«ጌታዬ፣ ደጃፌ ላይ የምሰቅለው ስለሆነ ጎላ ባለ ፊደል ያስጽፉልኝ። ሰሌዳውን ግን ሌላ ሰው ይሥራው።»