መጨረሻ የሌለው ጉድጓድ

ፊታውራሪ እንግዳሸት በግዛታቸው ካለ አንድ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ድንጋይ ወርውረው ቢያዳምጡ ድምፅ አጡ። ወዲያው ሕዝቡን ሰብስበው፣ «ንጉሥ ይሙት፣ ይህ ጉድጓድ መጨረሻ የለውም!» ብለው ማሉ።

አፈር ስትቆፍር የኖረች አንዲት ሸክላ ሠሪ ግን ሳቀች። «ጌታዬ፣ መጨረሻማ አለው። ድንጋዩ ጭቃ ላይ ቢያርፍ በምን አፉ ይጮሃል?» አለች። እውነቷን ነው፤ ለስላሳ ነገር ላይ የወደቀ ድንጋይ ድምፁ እዚያው ይዋጣል።

ፊታውራሪውን በሰው ፊት መታረማቸው አንገበገባቸው። «እንግዲያው ዝለይና አሳዪን!» አሉ። አሽከሮቻቸውም ይዘው ወደ አፋፉ ጎተቷት።

«እሺ፣ ግን እርስዎ ይቅደሙ» አለች። «የወደቀን ሰው የሚገድለው መውደቁ አይደለም፤ መጨረሻው ላይ መድረሱ ነው። መጨረሻ አለው ያልኩት እኔ ብዘል እሞታለሁ። እርስዎ ግን የለውም ብለው በንጉሥ ምለዋል፤ ታዲያ ምን ይነካዎታል?»

ሕዝቡ ሁሉ ዞሮ ፊታውራሪውን አየ። እሳቸውም ቀስ ብለው ከአፋፉ ሁለት እርምጃ ራቁ።

«ምነው ጌታዬ» አለች፣ «መጨረሻው ታየዎት እንዴ?»