ተሠርቶ ያልተነገረ

ትርሲት የምትባል ወጣት ፕሮግራመር መምህሯን ኅሩይን ጠየቀቻቸው። «መምህር፣ ኮድ ባስገባሁ ቁጥር በቡድናችን ግሩፕ ላይ መልእክት እንዲወጣ የኮዱን ማስቀመጫ ከግሩፑ ጋር አገናኚ ይሉኛል። ሥራዬ እንደሆነ ማስቀመጫው ላይ አለ፤ የፈለገ ገብቶ ያያል። ይህን ሠራሁ፣ ያንን ሠራሁ ማለት ጉራ አይሆንብኝም?»

መምህር ኅሩይም እንዲህ ሲሉ መለሱላት።

አንድ ፕሮግራመር ነበረ። በየከተማው ካሉ በጎ ፈቃደኞች ጋር ሆኖ የአማርኛ ጽሑፍን ለዓይነ ስውራን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም ይሠራ ነበር። ኮዳቸውን የሚያኖሩት ኢንተርኔት ላይ በከፈቱት የጋራ ማስቀመጫ ነው፤ የሚነጋገሩት ደግሞ በቴሌግራም ግሩፕ። ሰውየው ዝምተኛ ነው። ወሬ ሥራ ያስፈታኛል ብሎ የግሩፑን ድምፅ ከዘጋው ቆይቷል፤ ገብቶም አያነብም።

በዚያ ግሩፕ ውስጥ አንዲት ዓይነ ስውር የሕግ ተማሪ ነበረች። በፕሮግራሙ የምታነበው አዋጆችን ነው። የአንቀጾቹ ቁጥር በግእዝ አኃዝ ስለተጻፈ ፕሮግራሙ እነሱ ላይ ሲደርስ ዝም ብሎ ያልፋቸዋል። ልጅቷ ሕጉን ትሰማለች፤ የትኛው አንቀጽ እንደሆነ ግን አታውቅም። ጓደኞቿን እያስነበበች ጥቂት ገፋች። እነሱም የየራሳቸው ፈተና አለባቸውና እያደር ሰው ማስቸገሩ ከበዳት። ችግሯን ግሩፑ ላይ ጻፈች። አስተባባሪው ተቀብሎ ማስቀመጫው ላይ መዘገበላት።

ሰውየው እዚያ አየውና ስሙን ጽፎ ሥራዬ ብሎ ያዘው። ፲ እና ፪ ሲከታተሉ «አሥር፣ ሁለት» ማለቱን ትቶ «አሥራ ሁለት» እንዲል ለማድረግ ብዙ ደከመ። ከፋሲካ በፊት ጨርሶ ማስቀመጫው ላይ አኖረው። አውርዶ መጫን ብቻ ነበር የቀረው። አመሰግናለሁ ያለው ሰው ባለመኖሩ ትንሽ ከፋው፤ ግን ለማንም ሳይናገር ወደ ሌላ ሥራ ዞረ።

ልጅቷ «የቁጥሩ ነገር ከምን ደረሰ?» ብላ ግሩፑ ላይ ጠየቀች። «እስካሁን የሰማነው የለም» አላት አስተባባሪው። እውነቱን ነው፤ ማስቀመጫውን ገብቶ ስላላየ አልሰማም። ደግማ ጠየቀች፤ መልሱ ያው ነበር። ከፋሲካ በኋላ ተስፋ ቆርጣ የትምህርት ማቋረጫውን ቅጽ፣ ዊዝድሮው፣ ሞልታ፣ ሻንጣዋን ይዛ ደብረ ታቦር ወላጆቿ ቤት ገባች።

ክረምት ሲገባ አስተባባሪው ለሰውየው ደወለለት።

«ያን የግእዝ ቁጥር ከተውከው ለሌላ ሰው ልስጠው?»

«መቼ ተውኩት? ከፋሲካ በፊት ጨርሼዋለሁ እኮ!»

አስተባባሪው ልጅቷ ትምህርቷን ማቆሟን ነገረው።

ሰውየው ስልኳን ተቀብሎ ራሱ ደወለላት። ምን እንደሚል እንኳ አላሰበበትም። «ቁጥሩ ተስተካክሏል» አላት።

«እውነት? መቼ?»

ሊዋሽ ይችል ነበር። «ከፋሲካ በፊት» አላት።

«እኔ እኮ ጉዳዬን ከቁም ነገር የቆጠረው ሰው ያለ አልመሰለኝም ነበር። ለካ አንተ እየሠራህልኝ ነበር።»

በንግግሯ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ብትቆጣው ይሻለው ነበር።

ያን ዕለት የማስቀመጫውን ማስተካከያ ከፍቶ የግሩፑን አድራሻ አስገባ። ከዚያ ወዲህ ማስቀመጫው ላይ የሆነው ነገር በራሱ ግሩፑ ላይ መውጣት ጀመረ። መጀመሪያ ሁሉም ነገር እንዲነገር አድርጎት ነበር፤ አንድ ነጥብ እንኳ ሲለወጥ የሁሉም ስልክ ይጮኻል። ልጅቷ «ወንድሜ፣ ስልኬ እህል አላስበላ አለኝ! ችግር ሲፈታ ብቻ ይንገረን» ብላ ጻፈች። እንዳለችው አደረገ። እሱም የዘጋውን የግሩፑን ድምፅ ከፈተ።

መስከረም ላይ ልጅቷ ተመልሳ ተመዘገበች። አብረዋት የጀመሩት ግን አንድ ዓመት ቀድመዋታል። ከዕለታት አንድ ቀን ሰውየው ሌላ ችግር ፈትቶ ኮዱን እንዳስገባ መልእክቱ ግሩፑ ላይ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ልጅቷ ከሥሩ «ሰማሁ፤ አሁኑኑ እጭነዋለሁ» ብላ ጻፈች። ሰውየው ይህችን መልእክት ደጋግሞ አነበባት።

መምህር ኅሩይ ይህን ተናግረው ወደ ትርሲት ዞሩ።

«ልጄ፣ ያ ሰው ሰነፍም ክፉም አልነበረም። እንደ አንቺው ጉራ የሚጠላ ሰው ነው። አንቺ ዝም ስትዪ ትሕትና ይመስልሻል። ሥራሽን ለሚጠብቅ ሰው ግን ዝምታሽ የሚነግረው ማንም እንዳላሰበለት ነው። እሱ ደግሞ ማስቀመጫሽን ገልጦ ላያይ ይችላል፤ የሚገኘው ሰዎች በሚነጋገሩበት ቦታ ነው። ስለዚህ ሥራሽ እዚያ ድረስ ሄዶ ይንገረው። ሰውን እንዳያሰለች የሚነገረውን መምረጥ ያንቺ ፈንታ ነው። ሰውየው ለልጅቷ ያን ዓመት ሊመልስላት አልቻለም። አንቺ እስካሁን ማንን እንዳስጠበቅሽ አታውቂም። ሂጂና አገናኚው።»