መሃል የቆመው ፕሮጀክተር

«ሥራው ፕሮጀክተር መትከል የሆነ አንድ ሰው ነበረ» ብለው ጀመሩ ጋሽ ሞላልኝ። ትርንጎ ከባሏና ከባሏ እናት ጋር እንደገና ተጣልታ መጥታ፣ «ለትዳሬ ብዬ እስከ መቼ ነው እኔ ብቻ የምሸነፈው?» ብላ ጠይቃቸው ነበር። ጋሽ ሞላልኝ የእሷን ቤት ሲያስታርቁ ከኖሩት ሽማግሌዎች አንዱ ናቸው፤ በጉልምስናቸው የሲኒማ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። ለጥያቄዋ ቀጥተኛ መልስ አልሰጧትም፤ ታሪኩን ቀጠሉ።

ይህን ባለሙያ አዳራሽ ያሠራ አንድ ባለጸጋ ጠራው። ለምረቃው ዕለት የራሱ ምስል መሃል ግድግዳው ላይ ከወለል እስከ ጣሪያ እንዲቆም፣ ያስገነባቸው ሕንፃዎች ደግሞ ግራና ቀኝ እንዲታዩ ፈለገ። ባለሙያው ሁለት አዳዲስ ፕሮጀክተሮችን ግራና ቀኝ አጋድሞ ሰቀለ። የእነሱ ሥዕል ሰፊ ነው፤ ወደ ላይ ግን ከግድግዳው ሦስት አራተኛ አያልፍም። መሃል ላይ ከድሮው አዳራሽ የመጣ አንድ አሮጌ ፕሮጀክተር በጎኑ አቆመ። የእሱ ሥዕል ጠባብ ነው፤ ጣሪያ ድረስ የሚደርስ ግን እሱ ብቻ ነበር።

ሦስቱ እንደ አንድ ሥዕል እንዲታዩ ጠርዛቸው መደራረብ አለበት። በተደራረቡበት ቦታ የሁለቱም ብርሃን ስለሚያርፍ ነጭ መቀነት የመሰለ መስመር ይወጣል። መላው ከባድ አይደለም። ጎረቤታሞቹ ሁለቱም ጠርዛቸውን ቀስ በቀስ ያደበዝዛሉ፤ አንዱ የተወውን ሌላው ይሞላዋል። አንደኛው እምቢ ካለ ግን ሌላው ግማሹን ቢተው እንኳ መስመሩ አይጠፋም። እንዲጠፋ ከተፈለገ እሺ ያለው በዚያ ቦታ ላይ ጨርሶ መጥፋት አለበት።

ባለሙያው ሦስቱንም ሊያደበዝዝ ሲነሳ ባለጸጋው ከለከለው። አዲሶቹን ያመጣኋቸው ለድምቀታቸው ነው፣ እነሱን እንዳትነካ፣ ከአሮጌው ቀንስ አለው። ባለሙያው ልክ እንዳልሆነ ያውቃል። ነገር ግን ባለጸጋ ከመጋፈጥ አሮጌ ዕቃ ማደብዘዝ ይቀለዋል። እሺ ብሎ የመካከለኛውን ሁለቱንም ጠርዝ አጠፋ፤ መስመሩም ጠፋ። ባለጸጋው ደስ ብሎት፣ እንግዲያው ሕንፃዎቼን ትንሽ ወደ መሃል ግፋልኝ አለ። ሲገፋቸው ሌላ መስመር ወጣ፣ እንደገና ከመካከለኛው ተቀነሰ። እንዲህ እየተባለ ለመካከለኛው ከክንድ የማይሰፋ ቁራጭ ብርሃን ቀረለት።

በመጨረሻ ባለጸጋው ግድግዳውን ቁልቁል ሽቅብ ተመለከተና፣ «ይሄ ቀጭን ነገር ምን ይሠራል? አውርደው» አለ። ይህ ሁሉ ሲሆን ግድግዳው ላይ የሚበራው ባዶ ነጭ ብርሃን ነው፤ ምስሉን ገና ማንም አላየውም። ባለሙያው አንድ ቃል ሊናገር ይችል ነበር። አልተናገረም። አውርዶ ሳጥን ውስጥ ከተተው፤ ሁለቱን አዲሶችም እስኪነካኩ ገፋቸው።

በምረቃው ዕለት አዳራሹ በእንግዳ ሞልቶ መብራት ጠፋና ሥዕሉ በራ። ሕንፃዎቹ ግራና ቀኝ ደምቀው ወጡ። ባለጸጋው ግን ከደረቱ በላይ አልነበረም፤ ራስ የሌለው ሰው ሙሉ ልብስ ለብሶ መሃል ቆሟል። ሰዉ መጀመሪያ ደነገጠ፣ ኋላ ሳቅ ማፈን አቃተው። ባለጸጋው በዚያ ውርደት መካከል ጥፋቱን በማን አሳበበ? በአሮጌው ፕሮጀክተር። ድሮም የማይረባ ዕቃ ነበር፣ ጉድ ሠራኝ አለ። ያውም ሳጥን ውስጥ ተዘግቶ በተቀመጠ ዕቃ አሳበበ።

ጋሽ ሞላልኝ ወደ ትርንጎ ዞሩ።

«መሃል የቆምሽው አንቺ ነሽ፤ ባልሽ በአንድ በኩል፣ እናቱ በሌላ በኩል። መጀመሪያ ክፍልሽን ለቀቅሽላቸው። ቀጥሎ ዘመዶችሽን መጠየቅ ተውሽ። አሁን ደግሞ ማስተማርሽን ተዪ እያሉሽ ነው። እሱንም ብትተዪ አያርፉም። ይህች ሴት እዚህ ቤት ምን ትሠራለች ነው የሚሉት። ቤቱ የፈረሰ ዕለትም ያፈረሰችው እሷ ናት ይባላል።»



«ተሸነፊ ያሉኝ እኮ እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ» አለች ትርንጎ። «ያውም ሦስቴ።»

«አዎ፣ እኔ ነኝ። ባለሙያው እኔ ነኝ፣ ልጄ። ሦስቴም ወደ አንቺ መጣሁ፤ ወደ እነሱ አንድ ቀን ሄጄ እናንተም ቀንሱ አላልኩም። አንቺ እሺ ስለምትይ ቀለልሽኝ። በዚህ አፍራለሁ።»

ታዲያ ምን ላድርግ ብላ ጠየቀቻቸው።

«ነገ ትምህርት ቤትሽ ሂጂ። ከእንግዲህ ከራስሽ ላይ አትቀንሺላቸው። መስመሩ ይውጣ፣ ጎረቤትም ይየው፣ እኛም ሽማግሌ ተብዬዎቹ እንየው። እስከ ዛሬ ሰላም ስንለው የኖርነው የአንቺን መጥፋት ነው።»